ጃምቦ የማን ልጅ ነው?

ሰበታ መግቢያ ላይ መንገድ ሲዘጋ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሹፌሩን ይቆጣል፣ ከዚያ መስኮት ይከፍታል። ባለፈው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። ከፊታችን አሸዋ የጫነ ገልባጭ፣ ከኋላችን ሲሚንቶ የጫነ ገልባጭ፣ መሐል ላይ እኛ። ወርዶ በእግር መሄድ እንኳ አይቻልም፤ የታክሲው በር ከአንድ የጭነት መኪና ጎን ጋር ተፋጥጦ አይከፈትም። «ወይ ሰበታ! አንዴ ከገቡብሽ መውጫ የለሽ» አሉ አጠገቤ የተቀመጡ እናት። መስኮቱን በመዳፋቸው ገፋ ሲያደርጉት የቢራ ፋብሪካው ሽታ ገባ።

የሚፈላ ብቅል ሽታ ነው። ገንፎ ገንፎ ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የሻገተ ዳቦ ነገር አለው። እዚህ ላላደገ ሰው ያቅለሸልሻል። እኔ ግን ፊደል የቆጠርኩትም፣ ጥርሴን የነቀልኩትም በዚህ ሽታ ውስጥ ነው። በመጣ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ይዞብኝ ይመጣል፤ ቲቸር ይርዳውን። ይርዳው ብዬ ብጠይቅ ሰበታ ውስጥ የሚያውቀው የለም። ጃምቦ ካልኩ ግን በእኔ ዕድሜ ያለ ሁሉ «ውይ፣ ጃምቦ!» ይልና ይስቃል። ሳቁ ነው የሚያናድደኝ።

እሱ ሲመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ግቢያችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው፣ ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከጀርባ የከብት በረት ያለበት ነበር። አባቴን ሰው ሁሉ ኦቦ ደበላ ይለዋል። ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ እዚሁ አርሶ የኖረ ሰው ነው፤ በኦሮምኛ ይቆጣል፣ በአማርኛ ይገበያያል፣ በሁለቱም ይቀልዳል። እርሻው እየተሸነሸነ ለፋብሪካና ለመንደር ሲሄድበት በረቱ አጠገብ አንዲት የጭቃ ሰርቪስ ቤት ሠራና አከራያት። የመጀመሪያው ተከራይ አዲስ የተመደበው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነ። የመጣው ከጎንደር ቆላ፣ ከሱዳን ድንበር አካባቢ ነበር። የሰርቪሷ በር ላይ ሲቆም በሩ ጠፋ። እማዬ «በስመ አብ! ይሄ ሰው አልጋው እንዴት ሊበቃው ነው?» አለች። ቁመቱም ስፋቱም እንደዚያ ሆኖ ድምፁ ግን ቀጭንና ለስላሳ ነበር፤ ሲናገር ሌላ ሰው ከኋላው ቆሞ የሚናገርለት ይመስላል።

ከአጥራችን ቀጥሎ የጋሽ ተካ ድራፍት ቤት ነበር። እርጥብ ባንኮኒ፣ በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ፣ ጥግ ላይ ኳስ ሲኖር ብቻ የሚከፈት ቴሌቪዥን። ድራፍት የሚሸጠው በሁለት ብርጭቆ ነው፤ ትንሹ ሲንግል ይባላል፣ እጀታ ያለው ትልቁ ጃምቦ። ቲቸር ይርዳው በመጣ ማታ እራት ፍለጋ እዚያ ገባ። አስተናጋጇ ልማዷ ነውና «ሲንግል ነው ጃምቦ?» ስትለው እንዳያስቀይማት ብሎ «ጃምቦ» አላት። መጣለት። ጣቶቹ በእጀታው ውስጥ አልገባ ስላሉት ብርጭቆውን በሙሉ እጁ አቀፈው፤ ብርጭቆው ከእይታ ተሰወረ። አንዱ ከጓዳው በኩል «ኧረ ጃምቦ ጃምቦን ዋጠው!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ሰምቷል፣ ከሰዓት ጎመን ሻጮቹ ሰምተዋል፣ ሳምንቱ ሳያልቅ እኛ ልጆቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለን እንዘምርበት ነበር። ሰበታ ስም ለማውጣት አንድ ማታ ይበቃታል። ለመመለስ ግን ዕድሜ ልክም አይበቃትም።

እሱ አንድ ቀን እንኳ «ተው» አላለም። ፈገግ ይላል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ ያልፋል። ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው። ትልቅ ሰውም «ጃምቦ፣ እንዴት አደርክ?» ይለዋል፣ እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል።

ለእማዬ «ለአንድ ዓመት ነው የመጣሁት» ብሏት ነበር። ዝውውር እየጠየቀ፣ ምትክ አልተገኘም እየተባለ፣ ያ አንድ ዓመት አላልቅ አለ። አገሩ ብቻዋን የቀረች እናት ነበረችው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከመንደሩ በፊት ያለው ወንዝ ሞልቶ አያሻግርም፤ በጋ ወንዙ ሲጎድል ትምህርት አለ። ይህን ለእማዬ ሲነግራት እየሳቀ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በሰርቪሷ ውስጥ የነበረው ንብረት አንድ አልጋ፣ በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ፣ ጀርባው የተላቀቀ መዝገበ ቃላትና የከሰል ካውያ ነው። እሑድ እሑድ ኮቱን ሲተኩስ የትኩስ ጨርቁ ሽታ ከፋብሪካው ሽታ ጋር ይደባለቃል። ማታ ጋሽ ተካ ቤት አንድ ጃምቦ ያዝዝና አረፋው እስኪሞት ያየዋል። ከዚያ ግማሹን ትቶ ይወጣል። መጠጥ እንኳ አይወድም ነበር፤ ግን አንድ ሰው በአንድ ከተማ በብርጭቆ ስም ከተጠራ ሌላ የት ይሄዳል?

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ትምህርቱን ሁሉ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለች ሴት ትሰጣለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ለማንም ሳትጠብቅ። አስተማሪው ከፍቶ ጎኑ ይቆማል፣ ስታበቃ ይዘጋል። ያ ሁሉ ሰውነት ግድግዳና ቴሌቪዥን መሐል ተጣቦ ሲቆም ማየት ያስጨንቅ ነበር። አንዳንዴ የቴሌቪዥኗ ልጅ የተናገረችውን ሊያስረዳን አፉን ይከፍታል፤ እሷ ሌላ ርዕስ ጀምራለች። አፉን መልሶ ይገጥማል።

በዚያው ዓመት ራስ ምታት ያዘው። በየሁለት ቀኑ አስፋልቱ ዳር ካለችው ፋርማሲ ኪኒን ይገዛል። እማዬ መጀመሪያ አዘነችለት፣ በኋላ ነቃች። «ይሄ ራስ ምታት ጽጌ የምትባል ናት» አለችና ሳቀች። ጽጌ ፋርማሲዋ ውስጥ ትሠራለች፣ የቡራዩ ልጅ ናት፣ ጠዋት በታክሲ መጥታ ማታ በታክሲ ትመለሳለች። ሰበታ ውስጥ «አቶ ይርዳው» ብላ የምትጠራው እሷ ብቻ ነበረች። አንዴ እማዬ ኪኒን እንድገዛ ልካኝ እዚያ ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ። «አቶ ይርዳው፣ ውሃ በደንብ ይጠጣሉ?» አለችው። እሱ ስሙን ሲሰማ ቀና አለ፤ ጣሪያውን እንዳይነካ ብዬ ሠጋሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ላብ አጥምቆታል። «ኦቦ ደበላ፣ እዚህ አገር ወገን የለኝም። ሽማግሌ ሆነው ይላኩልኝ» አለ። አባዬ ከመቀመጫው ዘለለ። ደስታው የእሱ ሠርግ ይመስል ነበር። ሽምግልና ለአባዬ ከእርሻ ቀጥሎ ሁለተኛ ሥራው ነው፤ ስንቱን አስታርቆ፣ ስንቱን ድሯል። ዘር ቆጠራ ላይማ የሚወዳደረው የለም። ማታ ማታ እኛን ልጆቹን ደርድሮ «ደበላ ቶሎሳ፣ ቶሎሳ ቦሩ፣ ቦሩ ጉዲና…» እያለ ሰባት አባት ያስቆጥረናል። አንዱን የዘለለ ልጅ እንደገና ከራሱ ይጀምራል። «አባቱን ያልቆጠረ ጥጃ ነው፤ ማንም ይነዳዋል» ይለን ነበር።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሙሽራው ስም ከነአባት አያቱ እስከ ሰባት ቤት ይጠየቃል፤ ሴቲቱ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ የሚነሳው «የማን ልጅ ነው?» ነውና። ቲቸር ይርዳው የዚህን አገር ወግ ስለማያውቅ ሲጠይቁኝ እነግራለሁ ብሎ ጠበቀ። የሚጠይቀው ግን ጠፋ። እማዬ «አንተ ሰውዬ፣ የልጁን የአባት ስም ጠይቀሃል?» ብትለው አባዬ ተቆጣ። «ስንት ዓመት ከግቢዬ ውሃ የቀዳን ሰው፣ ዛሬ ተነስቼ ስምህ ማነው ልበለው? አያሳፍርም? ተካ ያውቃል» አለ። ጋሽ ተካም በበኩላቸው አከራዩ ደበላ ሳያውቅ አይቀርም ብለው ተኙ። ሦስተኛው ሽማግሌ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሁለቱን አምነው ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አጣፉ። እሑድ ጠዋት ሦስቱም አምረው፣ ከዘራ ይዘው፣ በአየር ጤና በኩል ዞረው ቡራዩ ሄዱ።

የሆነውን በኋላ ጋሽ ተካ ለእማዬ ሲነግሯት እኔ በሩ ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። የጽጌ አባት አቶ ወርቅነህ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ቆራቢ፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ልብስ ለባሽ። በራቸውን ራሳቸው ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ በወጉ «ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አባዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አምላክንና ጎረቤትን አመስግኖ፣ ያማረውን መግቢያ ሁሉ አሳመረና «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን መጥተናል» አለ።

«ልጃችሁ ማን ይባላል?» አሉ አቶ ወርቅነህ።

«ጃምቦ» አለ አባዬ።

ምላስ ምን ታደርግ፤ ያን ሁሉ ዓመት የለመደችውን ነው ያወጣችው። አቶ ወርቅነህ ቅንድባቸውን አነሱ። ጋሽ ተካ ደንግጠው «ይርዳው! ይርዳው ነው ስሙ፣ አስተማሪ ነው!» አሉ።

«ይርዳው ማን?»

«ይርዳው ከበደ» አሉ ጋሽ ተካ። «ይርዳው ታደሰ» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ። እኩል ነው የተናገሩት። ሁለቱ ተያዩ። አባዬ በኦሮምኛ «ማቃን ኢሳ ኤኙ ቱሬ? ስሙ ማን ነበር?» እያለ ለራሱ ሲያንሾካሹክ ተሰማ።

አቶ ወርቅነህ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። «ሽማግሌዎች፣ አክብሬ ነው በሬን የከፈትኩት» አሉ። «የማን ልጅ እንደሆነ ለማታውቁት ሰው ልጄን ስጥ ትሉኛላችሁ? ወገን ያለው ሰው ስሙ አይጠፋም። በሉ በሰላም ግቡ።» ሌላ ቀን ተመለሱ እንኳ አላሉም። ለሽማግሌ ቀጠሮ መከልከል በር ከመዝጋት ይብሳል።

ቲቸር ይርዳው የተኮሰውን ኮት ለብሶ ከሰዓት በሙሉ የግቢያችን በር ላይ ቆሞ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ መጡ። ጋሽ ተካ ቀና ብለው ሳያዩት ድራፍት ቤታቸው ገቡ። አባዬ ብቻ ፊቱ ቆመ።

«ምን አሉ፣ ኦቦ ደበላ?»

«የአባትህን ስም ጠየቁን» አለ አባዬ።

ቲቸር ይርዳው ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀ። የሚቀጥል አልነበረም። ነገሩ ሲገባው ሊስቅ ሞከረ፣ ሳቁ ግን ከንፈሩ ላይ ቀረ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር» አለና ጎንበስ ብሎ ሰርቪሱ ገባ። ያን ማታ አባቴን ጠላሁት። እራት ሲያጎርሰኝ እንኳ ፊቴን አዞርኩ።

ሰኞ ዕለት ወሬው ከእሱ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሷል። ልጁ ሁሉ እያየው ይጠቃቀሳል። ክፉ ዕድል ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ የዚያን ቀን ፕላዝማው ላይ አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ታየና ልጅቷ «ጃምቦ ጄት» አለች። ክፍሉ ፈነዳ። ዴስክ የሚደበድብ፣ ሆዱን ይዞ የሚያጎነብስ፣ «ቡራዩ አያርፍም!» ብሎ የሚጮህ። እሱ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ወለሉን ያያል። በዚያው መብራት ጠፋ።

መብራት ከጠፋ ትምህርት የለም፤ ደንቡ ነው፣ ተግተልትለን እንወጣለን። እሱ ግን ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ያን በር ማንም አልፎ ሊወጣ አይችልም። «ተቀመጡ» አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ቃሉ ሲያስቃችሁ ኖሯል፤ ዛሬ ትርጉሙን ላስተምራችሁ።» ጠመኔ አነሳና ቃሉን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው።

«ይሄ የአንድ ዝሆን ስም ነው» አለ። «የእኛው ቆላ ዝሆን። ከሱዳን ጋር በምንዋሰንበት በረሃ አዳኞች እናቱን ገደሉና እሱን በልጅነቱ ያዙት።» ከዚያም በቀጭኑ ድምፁ ነገረን። ግልገሉን በእግሩ በረሃ አቋርጠው ወደ ባሕር ነዱት፣ በመርከብ ወደ ፈረንጅ አገር ወሰዱት፣ ፓሪስ አስቀመጡት፣ ኋላም ለንደን። ይዘው ያሳደጉት ሰዎች ጃምቦ አሉት። ቃሉን ከየት እንዳመጡት እርግጠኛ የለም፤ አንዳንዱ ከስዋሂሊ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደንባራና ገልጃጃ ሰው የሚሰድቡበት የቆየ ቃል ነው ይላል። ዝሆኑ አደገ፣ ከሁሉም በለጠ። ቀን ቀን የሰው ልጆችን ጀርባው ላይ አዝሎ ያዞራል፣ ማታ ማታ ጥርሱን ከግድግዳው ጋር ያፋትጋል። ከዚያ ለአሜሪካ ሰዎች ሸጡት፤ ከተማ ለከተማ እያዞሩ ሲያሳዩት ባቡር ገጨውና ሞተ። ከሱ በኋላ ትልቅ ነገር ሁሉ በስሙ ተጠራ። አውሮፕላኑ፣ ሳሙናው፣ የቢራ ብርጭቆው።

«እንግዲህ ስሙ ዞሮ ዞሮ አገሩ ገባ» አለ። «ጋሽ ተካ ቤት። እሱ ግን አልተመለሰም።»

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «አያርፍም» ያለው ልጅ ራሱ፣ «ቲቸር፣ ጃምቦ ከመባሉ በፊት ስሙ ማን ነበር?» አለ።

«እሱን እናቱ ናት የምታውቀው» አለ ቲቸር ይርዳው። ሰሌዳውን በእጅጌው አጠፋ። መብራት መጣ፤ የቴሌቪዥኗ ልጅ እኛን ሳትጠብቅ ሌላ ርዕስ ላይ ደርሳለች።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። ተኮራርፈን ስለነበር ልጎዳው ብዬ ነው የጀመርኩት፣ መሐል ላይ ግን እኔው ማልቀስ ጀመርኩ። አባዬ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «እናቱን ገደሉበት?» አለ። ከዚያ ወዲያ አልበላም። ንጋት ላይ ላም ሊያልብ ሲወጣ ተከተልኩት፤ እሱ ግን በረቱን አልፎ የሰርቪሱን በር አንኳኳ። «የአባትህን ስም ንገረኝ» አለ። «የሱንስ አባት? ቀጥል። ቀጥል።» አባዬ ፊደል አያውቅም፤ ሁሉ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያልብ፣ ሳር ሲያጭድ፣ እግሩን ሲታጠብ ያነበንብ ነበር። ይርዳው የፈንታሁን፣ ፈንታሁን የቢያድግልኝ፣ ቢያድግልኝ የአስረስ፣ አስረስ የመርሻ፣ መርሻ የጓንጉል፣ ጓንጉል የውብነህ። እማዬ «ላሞቹም ሸመደዱት» ብላ ቀለደችበት። እኔም ሸምድጄዋለሁ።

እሑድ አባዬ ብቻውን ቡራዩ ሄደ፤ ጋሽ ተካ እዚያ በር ላይ ሁለተኛ አልቆምም ብለዋል። ታክሲ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየው ረዳት «ፋዘር፣ ጸሎት ነው?» ቢለው «ከጸሎት አያንስም» ብሎታል። አቶ ወርቅነህ በሩን ሲከፍቱ ሳይጠየቅ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቆሞ፣ ሰባቱንም ቆጠረላቸው። አንዱን አልዘለለም። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙት፣ ከዚያ በገዛ እጃቸው ወንበር አመጡለት።

«ይህን ያኔ ብትሉኝ ኖሮ» አሉ። «በመሐል ከሱሉልታ ሽማግሌ መጣ። ቃሌን ሰጠሁ።»

ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ ይህን ለአባዬ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ተነስቶ እጅ ነሳና ወጣ። ከመጋረጃው ጀርባ ሴት ስታለቅስ መስማቱን ለእማዬ አንዴ ብቻ ነግሯታል። ጽጌ ተድራ ሱሉልታ ሄደች። ፋርማሲዋ ውስጥ ሌላ ልጅ ቆመች፤ የቲቸር ይርዳው ራስ ምታትም ቀረ።

እሱ እንደ ድሮው ሆነ። ጎንበስ ብሎ ይወጣል፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ፕላዝማው ጎን ይቆማል፣ ማታ አረፋ ያያል። የኛ ክፍል ልጆች ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ስም ጠርተነው አናውቅም፤ ከተማው ግን ዝሆኑንም አልሰማ፣ ጃምቦ ማለቱን ቀጠለ። አባዬ የባሰ ሆነ። ጃምቦ እንዳይለው አፈረ፣ ይርዳው እንዳይለው የባሰ አፈረ። ከዚያ በኋላ ያን ሰው በምንም አልጠራውም። «አንተ፣ እራት ብላ» ይላል፣ ሌላ የለም። ዝውውሩ በስንት ዓመቱ ሲመጣ አልጋውን መኪናው ላይ የጫነው አባዬ ነው። «ኦቦ ደበላ፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ» አለው ቲቸር ይርዳው። አባዬ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣም። መኪናው ሲነሳ ከድራፍት ቤቱ «ጃምቦ ሄደ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሰማነው ነገር የለም። አገሩ በመሐል ብዙ ነገር ሆኗል። ደህና ነው እላለሁ፤ ከማለት ሌላ ምን አቅም አለኝ?

መንገዱ ሲከፈት እኩለ ቀን አልፎ ነበር። የግቢያችን በር ከውስጥ በሰንሰለት ይቆለፋል፤ ወንድሜ ነው ከፍቶ ያስገባኝ። ወደን አይደለም የምንቆልፈው። አባዬ ሁለቴ አምልጦ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቡራዩ እያለ ሲጠይቅ ተገኝቷል። ሐኪሙ የእርጅና መርሳት ነው ብሎናል። እማዬ መሞቷን ረስቷል፣ ከብቶቹ መሸጣቸውን ረስቷል፣ እኛን አንድ በአንድ ረስቶናል። ጋቢ ተከናንቦ በረቱ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። በየሳምንቱ ይጠይቀኛል፣ በየሳምንቱ ያመኛል።

«የደበላ ቶሎሳ።»

«አውቀዋለሁ ደበላን» አለ። ፊቱ ጠቆረ። «ስም የሚረሳ ሰው ነው።»

ዙሪያውን ቃኘ፣ ከዘራውን ይዞ በስንት መከራ ተነሳ፣ የሱፍ ቆቡን አወለቀ። «ተቀመጥ አባዬ» ብለው «ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ጌታዬ» አለኝ። ያኔ የት እንደቆመ ገባኝ። የቡራዩው በር ላይ ነበር፤ እኔም አቶ ወርቅነህ ነበርኩ።

ወንድሜ «ተይው፣ ይደክመዋል» አለኝ። አልተውኩትም።

«ልጃችሁ የማን ልጅ ነው?» አልኩት።

ልጆቹን የረሳው ሰው ጀርባውን አቀና። ይርዳው የፈንታሁን፣ አለ። ፈንታሁን የቢያድግልኝ። ቢያድግልኝ የአስረስ። አስረስ የመርሻ። መርሻ የጓንጉል። ጓንጉል የውብነህ። አንዱን አልዘለለም። ጨርሶ ዓይኔን እያየ ጠበቀ።

«ሰጥተናል» አልኩት።

መጀመሪያ ያልሰማ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ሰርቪሷ ዞረና ያንን ሁሉ ዓመት ያልወጣለትን ጮክ ብሎ ጠራ። «ይርዳው! ኧረ ይርዳው! ና ውጣ!»

እዚያ ዛሬ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነ ቀጭን ልጅ ነው የሚኖረው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ተኝቶ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኑን እያሸ በሩን ከፈተ። እኔን አየ፣ አባዬን አየ።

«አቤት፣ ኦቦ ደበላ» አለ።

«ሰጡን» አለው አባዬ።